መሰላሉን የያዘው እጅ

ትሪው ላይ ሰባት ብርጭቆ ሻይ ነበር። ስድስቱ ተነስተው፣ ሰባተኛውን ሊያነሳ የተዘረጋው እጅ ትሪው ጠርዝ ላይ ሲደርስ ማጉያ ባለችበት ደርቃ ቀረች።

የሟች ልጅ ናት። ማጉያ ያላት አባቷ ነው፤ ሕፃን ሳለች ጉንዳን ከጉንዳን እየለየች "ይኼኛው ትናንትም መጥቶ ነበር" ትለው ስለነበር። ስሙ አብሯት አድጎ ሥራ ቦታ ድረስ ተከትሏት ሄደ። ዛሬ እናቷ ስትቆጣ ካልሆነ በቀር በወጣላት ስም የሚጠራት የለም።

እጁን አየችው። የትንሿ ጣት የላይኛው አንጓ ወደ ውጭ ተጣሟል። የአውራ ጣቱ ጥፍር መሃል ለመሃል ተሰንጥቋል፤ ስንጥቁ ከሥሩ ተነስቶ እስከ ጫፉ ይወርዳል። በሌባ ጣቱና በመሃል ጣቱ መገጣጠሚያ ላይ ሁለት የቆዩ ጠባሳዎች አሉ፤ አንዱ ክብ፣ ሌላው እንደ ሰረዝ የተጋደመ። ይህንን እጅ አርባ ደቂቃ ሙሉ አፍንጫዋን አስጠግታ ተመልክታዋለች። ባለቤቱን ግን አይታው አታውቅም።

"ስኳር አለው ልጄ?" አለ ሰውየው።

"አ... አለው። ሁለት።"

"በቂ ነው። እግዚአብሔር ያጽናሽ።"

ሃምሳውን ያለፈ፣ ያረጀ ግን በጥንቃቄ የተተኮሰ ኮት የለበሰ ሰው ነው። በሩ አጠገብ፣ ማንም ሰው ሲገባና ሲወጣ የሚጋፋት የመጨረሻዋ ወንበር ላይ ተቀምጧል። ማጉያ ባዶ ትሪዋን ይዛ ወጥ ቤት ገባችና የእቃ ማጠቢያውን ጠርዝ በሁለት እጇ ያዘች።

"ምን ሆነሻል? ፊትሽ እኮ አመድ መሰለ" አለች አክስቷ ብርጭቆ እያለቀለቀች።

"በሩ ጋ የተቀመጠው ሰውዬ ማን ነው?"

"እኔ ምን አውቄ። ትናንትም ነበረ። አንዲት ቃል አይተነፍስም፤ ሻዩን ይጠጣል፣ ብርጭቆውን ራሱ እዚህ ድረስ አምጥቶ ያስቀምጣል፣ ይሄዳል። ከነዚያ ሲያወሩ ከሚውሉት እሱ በስንት ጣዕሙ!"

ማጉያ ያንን እጅ የምታውቀው፣ ከዓለም ፊት ያጠፋችው እሷ ስለሆነች ነው።

የዛሬ አሥራ አንድ ዓመት፣ አባቷ ፎቶ በሚያነሳለት ጋዜጣ ፎቶ ክፍል በተቀጠረች በሦስተኛ ወሯ፣ አንድ ማለዳ ከሱቆች በላይ ያለ ባለ ሦስት ፎቅ መኖሪያ በእሳት ተያያዘ። መንገዱ ጠባብ ስለነበር የእሳት አደጋ መኪናው ሊገባ አልቻለም። አባቷ ቀድሞ ደርሶ መቶ አሥራ ሁለት ፎቶ አነሳ። ስልሳ ሦስተኛው ላይ አንድ የእሳት አደጋ ሠራተኛ ሕፃን ልጅ ትከሻው ላይ አድርጎ በመሰላል ይወርዳል። ጭሱ ከኋላው ተቆልሏል። ሕፃኗ ካሜራውን ቀጥ ብላ ታያለች። በግራ ጠርዝ በኩል ደግሞ፣ ሰውነቱ ከፍሬሙ ውጭ የቀረ ሰው እጅ መሰላሉን ጨምድዶ ይዟል።

አባቷ ፎቶዎቹን አስረክቦ ልጅቷን ተከትሎ ወደ ሐኪም ቤት ሮጠ። ዋና አዘጋጁ ከማጉያ ወንበር ኋላ መጥተው ቆሙ።

"ይኼ የማን እጅ ነው? አጥሪልኝ። ዓይኔን ከልጅቷ ላይ እየጎተተ ያወርደዋል።"

"ልቁረጠው?"

"ከቆረጥሽው መሰላሉም አብሮ ይሄዳል። አጥሪው ነው ያልኩሽ! ገጹ በአንድ ሰዓት ውስጥ ማተሚያ ቤት መግባት አለበት።"

አጠራችው። ከአጠገቡ ያለውን ግድግዳ በትንሽ በትንሹ እየቀዳች ጣቶቹ ላይ ለጠፈች። መጀመሪያ ትንሿን ጣት፣ ቀጥላ ሌሎቹን። አውራ ጣቱ የመሰላሉ እግር ላይ ስላረፈ አስቸገራት፤ እንጨቱን ከላይ በኩል ገልብጣ አመጣችና ሸፈነችው። ሲያልቅ ወደ ኋላ ለጠጥ ብላ አየችው። ምንም አይታወቅም። ያኔ አላፈረችም፤ እንዲያውም ኮርታ ነበር።

በማግስቱ የፊት ገጹ "ብቻውን ወጣ፣ ብቻውን አወረዳት" በሚል ርዕስ ወጣ።

ሳሎን ውስጥ፣ ትንሹ ጠረጴዛ ላይ የአባቷ ፎቶ ተቀምጧል። ፎቶ አንሺ ሰው የራሱ ፎቶ የለውም። አርባ ዓመት ሰው ሲያነሳ ኖሮ፣ ሲሞት ቤቱ ተፈትሾ ተፈትሾ አንዲት ደህና ፎቶ ብቻ ተገኘች። ባለፈው ዓመት እናቷ በረንዳ ላይ ያነሳችው ነው። ሊስቅ ሲል የተያዘ ፊት። ጉድለቱ፣ እናቷ ካሜራውን ስትይዝ አውራ ጣቷ ሌንሱ ጠርዝ ላይ ስላረፈ የፎቶው ቀኝ ጥግ በሮዝ ጥላ ተሸፍኗል። በመጀመሪያው ቀን አክስቷ "ይቺን ነገር አንሺልን፣ ሰው ምን ይላል" ስላለቻት፣ ማጉያ ጣቱን ቆርጣ አውጥታ አሳትማዋለች። ሥራዋ ነው። እጇ ራሱ አይጠይቃትም።

ስልኩ የተደወለው በሁለተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ነበር። የድሮው ጋዜጣ ገጽ አዘጋጅ ናት፤ ድምፅዋ ጨዋ ነው።

"እሁድ ለአባትሽ ሙሉ ገጽ ልንሰጣቸው ነው። ያቺን የመሰላሏን ፎቶ በትልቁ። ቋሚ ሠራተኛ ስላልነበሩ በውላቸው መሠረት የቅጂ መብቱ የሳቸው ነው፤ አሁን ደግሞ ያንቺና የእናትሽ። ስለዚህ ፈቃድ ያስፈልገናል። ቅጹን ልኬልሻለሁ፤ እስከ ነገ ስድስት ሰዓት ብትፈርሚልኝ።"

"የትኛውን ነው የምታወጡት?"

"ማለት?"

"እጁ ያለበትን ነው፣ የሌለበትን?"

"እኛ ጋ ያለው የታተመው ብቻ ነው። ከሥሩ ግን አንድ ዓረፍተ ነገር መግባት አለበት፤ ትረጂኛለሽ ብዬ ነው። ላንብብልሽ? 'ፎቶግራፍ አንሺው በምስሉ ላይ የነበረን የሰው እጅ ማጥፋታቸውን አምነው ከሥራ ተሰናብተዋል።' ባንጽፈው አንባቢ ይታዘበናል። ደግሞ የፎቶ መመሪያውን የጻፍሽው አንቺ ነሽ፤ እኛም ቢሮ ግድግዳው ላይ ለጥፈነዋል።"

እውነቷን ነው። ማጉያ ዛሬ የሌላ ዜና ድርጅት የፎቶ ክፍል ኃላፊ ናት። መመሪያው አጭር ነው፤ ብርሃኑን ማስተካከል ይቻላል፤ ያለውን መቀነስ፣ የሌለውን መጨመር አይቻልም። ባለፈው ዓመት አንድ ፎቶ አንሺ ከአንድ የሙሽሮች ፎቶ ጀርባ የኤሌክትሪክ ሽቦ አጥፍቶ ቢያመጣላት ለሁለት ወር አግዳዋለች። ሰውየው "ሽቦ እኮ ነው እመቤቴ፣ ሰው አልገደልኩ" ሲላት፣ የዚያን ቀን ምሳ መዋጥ አቅቷት ነበር።

ስልኩን ዘግታ የአባቷ ክፍል ውስጥ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ነገሩን እንደ ልማዷ ለያይታ አየችው። ባትፈርም ፎቶው ይቀራል፤ ዓረፍተ ነገሩ ግን ፎቶ አያስፈልገውም፣ ያለ ፎቶም ይወጣል። ብትፈርም አባቷ ለዘላለም የሰው እጅ አጥፊ ሆኖ ይቀራል፤ ያውም በገዛ ልጁ ፊርማ። እውነቱን ብትናገር ደግሞ እንጀራዋ የተመሠረተበት ስም ይሄዳል። አራተኛ መንገድ ፈለገች፤ አጣች።

አባቷ ያን ሰሞን የሆነውን አንድም ቀን አልዘረዘረላትም፤ ያየችውን ብቻ ነው የምታውቀው። ጋዜጣው በወጣበት ማለዳ መጥቶ ጠረጴዛዋ አጠገብ ቆመ። አልጮኸባትም።

"እጁስ?" አላት።

"አጥሪው አሉኝ።"

"ዋናውን ፋይል አስቀምጠሽዋል?"

"አዎ።"

"እንዳትነኪው።" ከዚያ ቀጥ ብሎ ዋና አዘጋጁ ቢሮ ገብቶ የእርማት ማስታወቂያ ይውጣ አለ። ሰኞ ይወጣል ተባለ። ሰኞ አልወጣም። ማክሰኞ ተወዳዳሪ ጋዜጣ ከመንገዱ ማዶ የተነሳ ፎቶ አወጣ፤ መሰላሉ ሥር ሁለት እግሩን አንፈራጥጦ፣ በሁለት እጁ መሰላሉን ይዞ የቆመ ሰው ፎቶ። አገር ተንጫጫ። ሐሙስ ኮሚቴ ተሰበሰበ፤ አባቷ ገባና "እኔ ነኝ" ብሎ ወጣ።

"ለምን?" ብላ የጠየቀችው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ካሜራውን ሻንጣ ውስጥ እየከተተ ሳለ።

"እኔን ሃያ ስድስት ዓመት የሚያውቁኝ ሰዎች አሉ" አላት። "አንቺን ገና የሚያውቅሽ የለም። የመጀመሪያው የሚያውቁሽ ነገር ይኼ እንዲሆን አልፈልግም።"

ከዚያ በኋላ አንዲት ጠባብ ክፍል ተከራይቶ የመታወቂያና የፓስፖርት ፎቶ ሲያነሳ ኖረ። ማጉያ ወደዚያ ክፍል የሄደችው ከአምስት ጊዜ አይበልጥም። በሄደች ቁጥር ነጩን ግድግዳ፣ ወንበሯን፣ "አገጭ ወደ ታች፣ እንዲያ፣ አትተንፍስ" የሚለውን ድምፁን መቻል ስለሚያቅታት፣ ሰበብ ፈጥራ ቶሎ ትወጣ ነበር።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት፣ ያ ሻይ ከታደለ በኋላ፣ አዛውንቱ ዋና አዘጋጅ በከዘራ መጡ። ጡረታ ከወጡ ቆይተዋል። ያኔ ሠራተኛው ከጀርባቸው "ቀይ እስክሪብቶ" ይላቸው ነበር፤ ዛሬም እስክሪብቶዋ ከኮታቸው ኪስ ብቅ ብላ ትታያለች። ማጉያ ጥጉ ላይ አስቀምጣቸው፣ ቡና ሰጥታቸው፣ ከአጠገባቸው ተቀመጠች።

"ጋሼ" አለች በሹክሹክታ፣ "ለጋዜጣው ሰዎች ልነግራቸው ነው።"

"ምኑን?"

"እጁን ማን እንዳጠፋው።"

አዛውንቱ ስኒውን አስቀመጡ። ግራ ቀኝ አዩ። "ቀስ በይ። ሰው ይሰማል።"

"እንዲሰማ እኮ ነው።"

"አሁን? በዚህ ቀን? ሥራሽስ? እሱስ ቢሆን ለማን ብሎ ነው ሁሉን የተሸከመው? ድካሙን ሜዳ ላይ ልትደፊበት ነው?"

"እኔ አጥፍቼው እሱ አጠፋ ተብሎ ይቀበር እንዴ ጋሼ? ማንም ሳያውቅ?"

አዛውንቱን እንደ ማሳል አደረጋቸው። ቀና ብላ ስታይ የሚያስላቸው ሳል አይደለም፤ በለቅሶ ቤት መካከል ሳቅ ይዟቸው አፋቸውን በመሐረብ አፍነዋል።

"ማንም ሳያውቅ?" አሉ ሲረጋጉ። "ልጄ፣ እዚያ ቤት የማያውቅ ማን ነበር? አባትሽ እንኳን የሰው እጅ ሊያጠፋ፣ ኮምፒውተር ማጥፋት የማይችል ሰው! ሥራ ሲጨርስ ሶኬቱን ነቅሎ ነበር እኮ የሚሄደው። ኮሚቴው ፊት 'በኮምፒውተር ያጠፋሁት እኔ ነኝ' ሲል፣ አንዱ 'በየትኛው መሣሪያ?' ብሎ ጠየቀው። 'በዚያ በሚሽከረከረው' አለ።"

ማጉያ ሳቋ ሳታስበው አመለጣት። ለሦስት ቀን ያልሳቀ ጉሮሮ ስለነበር ድምፁ እንደ ሕቅታ ወጣ። ሁለት ለቀስተኞች ዞር ብለው አዩአት፤ ልቅሶ መስሏቸው አንገታቸውን ደፉ።

"ታዲያ ለምን ዝም አላችሁ?"

ሳቁ ከአዛውንቱ ፊት ጠፋ። "ቢሮዬ ገብቶ በሩን ዘጋብኝ። 'የሷን ስም ካነሳህ፣ ያዘዛትንም ሰው ስም አነሳለሁ' አለኝ። ያዘዘሽ ማን ነበር?" ቀኝ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አደረጉ። "ለልጅቷ ስል ነው ዝም ያልኩት እያልኩ አሥራ አንድ ዓመት ራሴን ሳሞኝ ኖርኩ። ለወንበሬ ነበር። ከሱ ወዲያ ወንበሩ ላይ ስድስት ዓመት ተቀመጥኩበት።"

ማጉያ እነዚያ ሁሉ ዓመታት ምስጢሩን ብቻዋን የተሸከመች መስሏት ነበር፤ አሁን ዞር ብላ ስታይ ብዙ ሰው ተሸክሞታል።

ልክ ያን ጊዜ በሩ ጋ የተቀመጠው ሰው ተነሳ። እንደ ልማዱ ብርጭቆውን ይዞ ወደ ወጥ ቤት አለፈ። ማጉያ ተከተለችው። ብርጭቆውን አስቀምጦ በጓሮው በር ሲወጣ፣ ደረጃው ላይ ደረሰችበት። ወንበሩ ሥር አስቀምጦት የነበረውን በጋዜጣ የተጠቀለለ ጠፍጣፋ ነገር ብብቱ ሥር አድርጓል።

"አባባ፣ አንድ ጊዜ" አለች። ከዚያ ከየት እንደምትጀምር ጠፋትና፣ ሥራ ላይ እንደምታደርገው ከማስረጃው ጀመረች። "እጅዎን አውቀዋለሁ። ትንሿ ጣትዎ እንደዚያ የሆነችው ከእሳቱ በፊት ነው። ጥፍርዎም ያኔም ተሰንጥቆ ነበር። መሰላሉ ላይ ሰማያዊና ነጭ ቀለም ተንጠባጥቦበታል። የእሳት አደጋ መሰላል ቀለም አይንጠባጠብበትም፤ ያኔ ይህን ማየት ነበረብኝ። መሰላሉ የእርስዎ ነው።"

"የኔ ነው" አለ ሰውየው። "ቀለም ቀቢ ነኝ። ቀጥሎ ያለውን ቤት እየቀባሁ ነበር።"

"አባቴ አይደለም እጅዎን ያጠፋው። እኔ ነኝ።"

ቀለም ቀቢው ደረጃው ላይ ተቀመጠ። መቀመጥ አምሮት እንጂ ደንግጦ አይመስልም። አጠገቡ ያለውን ቦታ በመዳፉ መታ መታ አደረገላት።

"ያኔ ማታ ቤቴ ገብቼ መሰላሉን የያዝኩት እኔ ነኝ አልኩ። በማግስቱ ጋዜጣው ሲመጣ መሰላሉ ብቻውን ቆሟል። ሚስቴ ሳቀች፣ ልጆቼ ሳቁ፣ ሰፈሩ 'ቀጣፊው' ብሎ ስም አወጣልኝ። ቀለም ልገዛ ስሄድ ሱቅ ውስጥ 'መሰላሉ ደህና ነው? ራሱን ችሎ ይቆማል?' ይሉኝ ነበር። ማዶ ያለው ጋዜጣ ፎቶ ሲያወጣም ፊቴ በጭስ ስለተሸፈነ 'ማንም ሊሆን ይችላል' አሉ። ደብዳቤ ጻፍኩላችሁ።"

"አንብቤዋለሁ። ቃል በቃል አውቀዋለሁ።"

"አባትሽ ይህችን ይዞ መጣ።" ጥቅሉን ፈታ። ሰፊ ህትመት ነው፤ ጭሱ፣ ሕፃኗ፣ መሰላሉ፣ በግራ ጠርዝ ደግሞ እጁ። "ሚስቴና ልጆቼ ፊት ጠረጴዛ ላይ ዘረጋው። ሚስቴ ፎቶውን አየች፣ እጄን ጎትታ አየች፣ 'የሱ ነው፤ ይቺን የተረገመች ጥፍር አሥራ ስምንት ዓመት ስቆርጥ ኖሬ አላጣትም' አለች። ከዚያ ቀን ጀምሮ እኔና አባትሽ ጓደኛሞች ነን። ስቱዲዮውን ማን የቀባው ይመስልሻል? በየዓመቱ እየመጣሁ ነጩን አድስለት ነበር። በዚህ ከተማ መታወቂያ ያወጣ ሰው ግማሹ ከኋላው ያለው የኔ ግድግዳ ነው።"

ማጉያ ያንን ነጭ ግድግዳ አስታወሰች። ልታየው አቅቷት ትሸሸው የነበረውን።

"ይቅር ይበሉኝ" አለች። "አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ልነግርዎ ይገባ ነበር።"

"ገልብጫት።"

ገለበጠችው። አባቷ በእያንዳንዱ ህትመት ጀርባ የሚጽፈው ሁለት ነገር ነው። ሌላው ፎቶ አንሺ ፎቶው ላይ የሚታየውን ብቻ ይጽፋል፤ እሱ ከሥሩ መስመር አስምሮ "ከፍሬም ውጭ" ብሎ ሳይታይ የቀረውንም ይዘረዝራል። ባልደረቦቹ "የማይታየውን ደግሞ ማን ጠየቀህ" እያሉ ይስቁበት ነበር። የእጅ ጽሑፉ እንደ ወትሮው ትንንሽና ቀጥ ያለ ነው፤

"ከፍሬም ውጭ፦ በግራ፣ የእጁ ባለቤት፤ ቀለም ቀቢ፤ መሰላሉ የራሱ። በቀኝ፣ ባልዲ የያዙ ሦስት ሴቶች። ቢሮ ውስጥ፣ ልጄ፤ ሥራ በጀመረች በሦስተኛ ወሯ። እጁን ታዛ አጠፋችው። ዋናውን ፋይል ግን አላጠፋችም። ይህ ህትመት ከዚያ የወጣ ነው።"

ሦስት ጊዜ አነበበችው።

"ያውቁ ነበር" አለች ቀስ ብላ።

"ከመጀመሪያው ቀን። 'ለሌላው የፈለግኩትን እላለሁ፣ አንተን ግን አልዋሽም፤ የጠፋው ያንተ እጅ ነው' አለኝ። ለምን ራሷ አትመጣም አልኩት። 'አንድ ቀን ትነግርሃለች፤ አታስቸኩላት' አለኝ።" ቀለም ቀቢው ጥፍሩን ተመለከተ። "አላስቸኮልኩሽም መቼም።"

ማጉያ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች። ያለቀሰችው አባቷ ከሞተ ወዲህ ካለቀሰችው ሁሉ የተለየ ነበር፤ እንባው ሲወርድ ትከሻዋ አብሮ ሲወርድ ታወቃት። ለካ ትከሻዋን ሽቅብ ሰቅላ ነው የኖረችው። ቀለም ቀቢው ጓሮውን ያያል። ሲበቃት መሐረብ አቀበላት፤ መሐረቡ ቀለም ቀለም ይሸታል።

"ወስጄ ላሳትመው?" አለች ህትመቱን እያየች።

"እሱን እንኳ አልሰጥሽም። የኔ ነው። ከፈለግሽ ጀርባውን በስልክሽ አንሺው።"

"ዋናው ፋይል እኔ ዘንድ አለ። ኮምፒውተር በቀየርኩ ቁጥር አብሮኝ ሲዞር ነው የኖረው።" ስልኳን አወጣች። "ሙሉ ስምዎን ይንገሩኝ። ጋዜጣ ላይ ሊወጣ ነው።"

"ጋዜጣ ላይ?" ቀለም ቀቢው ኮቱን አስተካከለ። "እንግዲያው የአያቴንም ጨምሪበት። ለቀጣፊው ቤተሰብ ሁሉ ይዳረስ።"

ፊደል በፊደል አስጻፋት፤ እሷም መልሳ አነበበችለት።

ስድስት ሰዓት ሊሞላ ሃምሳ ደቂቃ ሲቀረው ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ተቀምጣ ቅጹን ሞላች። ፈቃድ የምንሰጠው ያልተነካካው ፎቶ ብቻ እንዲወጣ ነው ብላ ጻፈች። ከሥሩ የሚወጣውንም መግለጫ ራሷ ጻፈች፤ መሰላሉን የያዘው ሰው ሙሉ ስም፣ እጁን ያጠፋችው የፎቶግራፍ አንሺው ልጅ እንደነበረች፣ ዛሬ የት እንደምትሠራ፣ አባቷ ያላደረገውን አደረግኩ ብሎ ከሥራው እንደወጣ። እናቷን ጠርታ አነበበችላት። እናቷ እስከ መጨረሻው ሰማችና "እስክሪብቶ ስጪኝ" ብላ ፈረመች። ከዚያ "እሱ ሲዋሽ ያየሁት ያኔ ብቻ ነው፤ ለዚያውም አያምርበትም ነበር" አለች።

አዛውንቱ አዘጋጅ በከዘራቸው ተደግፈው ከበሩ ላይ ቆመው ነበር። "ይህችን ወዲህ በያት" አሉ። ቀይ እስክሪብቷቸውን አወጡ። አነበቡ። አንድ ቃል ሰረዙ።

"'በታላቅ ጸጸት' ያልሽውን 'በጸጸት' አድርጌዋለሁ። መጠኑን አንባቢው ራሱ ይገምት።" ከዚያ ከሥሩ፣ በቀይ፣ አንድ መስመር ጨመሩ፤ "ትዕዛዙን የሰጠሁት እኔ ነኝ።" ሙሉ ስማቸውን ጻፉና፣ ሽቅብ ቀና ብለው "ይህ እርማት ሰኞ ይወጣል ብዬው ነበር" አሉ። "ዘገየ።"

ገጽ አዘጋጇ ከአንድ ሰዓት በኋላ ደወለች። ድምፅዋ ተለውጧል። "ቃል አልቀነስኩም" አለች። "ዋናው ፋይል ደርሶኛል። በሙሉ ስፋቱ ነው የምናወጣው፤ ምንም አንቆርጥም።"

ማጉያ ለራሷ አለቃ ደግሞ ሌሎች ሳይነግሩት ራሷ ደወለች።

"ለኃላፊዎች ማቅረብ አለብኝ፤ ታውቂያለሽ" አላት።

"አውቃለሁ። ባታቀርበው እኔ ራሴ አቀርበዋለሁ።"

"ምን እንደሚሉ አላውቅም። እኔን ከጠየቁኝ ግን ከዚህ ወዲያ ያንን መመሪያ ካንቺ የተሻለ የሚያስተምረው የለም እላለሁ።" ትንሽ ቆይቶ ጨመረ። "ያ የሽቦው ሰውዬ ግን ይህንን ሲያነብ አጠገቡ አያድርገኝ።"

"ዛሬውኑ እደውልለታለሁ" አለች። "ከጋዜጣ ላይ ማንበብ የለበትም።" ደወለችለትም። የምትፈራው ነገር ሁሉ ገና አልቀረላትም ነበር፤ ቢሆንም ከሞት ወሬው ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ርቧት፣ አክስቷ የሰጠቻትን ሁሉ ጥርግ አድርጋ በላች።

እሁድ የተከራዩትን ወንበሮች ባለቤቶቻቸው ሊወስዱ መጡ። ጋዜጣው ሳሎን ውስጥ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ውሎ ጠርዙ ተሸራርፏል። ቀለም ቀቢው ሚስቱን ይዞ መጥቶ፣ ስድስት ቅጂ ገዝቻለሁ፣ አንዱን የቀለም ሱቁ በር ላይ ራሴ ለጥፌዋለሁ ብሎ፣ ሻዩን ጠጥቶ፣ ብርጭቆውን ለመመለስ ሲነሳ ሚስቱ "እቤት እንዲህ ቢያደርግ ምን ነበረበት" ብላ ያለውን ሰው ሁሉ አሳቀች።

ሰው ሁሉ ከሄደ በኋላ ማጉያ ትንሹ ጠረጴዛ ላይ ያለውን የአባቷን ፎቶ ከመስታወቱ አወጣች። በምትኩ ጠዋት ያሳተመችውን አስገባች። ያው ፎቶ ነው፤ ያው ሊስቅ ያለ ፊት፣ ያው በረንዳ። ቀኝ ጥጉ ላይ ግን ያ ሮዝ ጥላ ተመልሷል።

እናቷ መጥታ ጎንበስ አለች።

"ውይ፣ ጣቴ! አበላሽቼው አልነበር? ምነው ዝም አልሽው ታዲያ?"

"ያነሳሽው አንቺ ነሽ እማዬ።"

እናቷ በነጠላዋ ጫፍ መስታወቱን ጠራረገች፤ ግንባሩን፣ መነጽሩን፣ ትከሻውን። ጥጉ ላይ ስትደርስ ነጠላዋን ለቀቀችና አውራ ጣቷን በዚያ ደብዛዛ ጥላ ላይ አሳረፈችው። ልኩ ነበር። ሳታነሳው ቆየች።